የዓርቡ ሃርድ ዲስክ ብቻውን አያድነንም

ሰሞኑን በባሕር ዳር የአይቲ ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው በከተማችን ለረጅም ዓመታት ሰርቨር ሲጠብቁ የኖሩ፣ ብዙዎቻችን «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የሊኑክስ ሰርቨርን የዕለት ሥራ ለስክሪፕት፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ ለሚፈጽመው የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር፣ መስጠት ሰውን ያሰንፋል ይላሉ። ስክሪፕት ሲሳሳት በአንድ አፍታ ሁሉን ያጠፋል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ አውቶሜሽን ቅንጦት ነው። እውነተኛ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ዓርብ ከሰዓት በእጅ ተገልብጦ መሳቢያ ውስጥ የሚቆለፍ ሃርድ ዲስክ ነው። የሞኒተሪንግ መልእክት ጩኸት ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ አፕዴት ደግሞ አደጋ። በመጨረሻም ይህ ሁሉ የልጆቻችንን እንጀራ ይዘጋል።

ጽሑፉን ብዙ ሰው ወዶታል። እኔም ከፊሉን ወድጄዋለሁ። ዋናው ሐሳብ ላይ ግን አልስማማም፤ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

ከስንፍናው ልጀምር። «ጎበዝ አድሚን ጠዋት ገብቶ በዓይኑ ያያል» ብለው የጣናን ታንኳ ምሳሌ ያደርጋሉ። ደንገል ውሃ ይመጥጣል። ባለታንኳው በየጊዜው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካላደረቀው እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሁልጊዜ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ሰርቨርም እንደዚያው መዳሰስ አለበት ነው ነገሩ።

ምሳሌው ያምራል። ግን ባለታንኳው ያለው አንድ ታንኳ ነው። ዛሬ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳቡ ሰርቨር አለ፣ የፋይሉ አለ፣ የድረ ገጹ አለ፣ የካሜራው አለ። ታንኳ ሲከብድ ደግሞ ከውጭ ያስታውቃል። ዲስክ ሲሞላ ግን የፊት መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ነው የሚሞላው።

ዓይን ይለምዳልም። ጠዋት ገብቶ የዲስኩን ቦታ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ነገር ነው የሚያየው። ዲስኩ 60 በመቶ ነው ይላል፤ ተመስገን ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ረፋድ ላይ ስልክ ይደወላል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ለተሰለፈው ሰው «ሲስተም የለም» እያለች ነው። ፕሮግራሙ ዲስክ ሞልቷል እያለ ይጮሃል፤ ቦታ ግን አለ! ነገሩ አይኖድ ነው። ኢኤክስቲ4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ገና ሲፈጠር ስንት ፋይል መያዝ እንደሚችል አብሮ ይወሰናል። ጥቃቅን ፋይል የሚዘራ ፕሮግራም ካለ ቦታው ሳያልቅ ቁጥሩ ያልቃል። «ዲኤፍ» የሚለው ትእዛዝ ላይ «አይ» የምትለዋን ፊደል ጨምረው ካልጠየቁት ይህን አያሳይዎትም።

ሌላም አለ። ዲስክ ሲሞላ ትልቁን ሎግ ፈልገው ያጠፉታል። ቦታው ግን አይመለስም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ ስለያዘው ስሙ ብቻ ነው የጠፋው፤ ዳታው እዚያው አለ። ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ሎግሮቴት የሚባለው መሣሪያ ሎጉን በየጊዜው አዙሮ፣ ጨምቆ፣ ፕሮግራሙም አዲስ ፋይል እንዲከፍት ይነግራል። እኛ ቤት ግን አሁንም ሎግ በእጅ የሚያጠፋ ሞልቷል።

ከጋሼ የምለየው እዚህ ላይ ነው። ስክሪፕት የምወደው ስለሚፈጥን አይደለም፤ የተጻፈ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ስለ አይኖድ አንድ ጊዜ በመከራ ይማራል። የተማረውን ስክሪፕት ውስጥ ሁለት መስመር አድርጎ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ያንን መከራ አያይም። በጭንቅላት የተያዘ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ልጁ አዲስ አበባ የተሻለ ደሞዝ አገኘና ለቀቀ፤ ፓስዎርዱን አስረክቧል፣ ቁልፉን አስረክቧል። ጠዋት ጠዋት ምን ምን ያይ እንደነበር ግን ማንም አልጠየቀውም። ይህን ታሪክ በየቢሮው ታገኙታላችሁ። ስክሪፕቱ የለውጥ መዝገብ በሚይዘው በጊት ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ እንኳ ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው። ስክሪፕት በቅጽበት ያጠፋል፣ እጅ ግን ሲሳሳት ቀስ ብሎ ስለሆነ ማቆም ይቻላል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ ስቲም የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም የሊኑክስ ስክሪፕት ላይ የተገኘችው መስመር ጥሩ ማስረጃ ትሆናቸዋለች። መስመሯ የአንድ ፎልደር አድራሻ ተቀብላ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ትሰርዛለች። አድራሻው በሆነ ምክንያት ባዶ ሆኖ ሲመጣ የቀረው የመላው ዲስክ ሥር ነው። የተጠቃሚውን ፋይሎች ጠራርጋ አጠፋች። ችግሩን የተናገረው ሰው ተሰክቶ የነበረው የባካፕ ዲስኩ ሳይቀር ነው የጸዳው። የሚገርመው መስመሯ አጠገብ ፕሮግራመሩ ራሱ «ያስፈራል» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር።

ግን ይህች መስመር መድኃኒት አላት። አድራሻው ባዶ ከሆነ ቁም የሚል ምልክት ስክሪፕቱን በሚያስኬደው ባሽ ውስጥ አለ፤ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት ነው። ሼልቼክ የሚባለው ነፃ መሣሪያ እንዲህ ዓይነት መስመር ሲያይ ያስጠነቅቃል። ፋይል የሚገለብጠው አርሲንክም ምንም ሳይነካ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ብቻ የሚዘረዝርበት የሙከራ አሠራር አለው። የሚሰርዝ ስክሪፕት መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት እንዲዘረዝር ብቻ አድርጉት። ዝርዝሩን አንብቡ። ከዚያ ፍቀዱለት። በእጅ የሚሰርዝን ሰው ግን አስቀድሞ ቁጭ ብሎ የሚያርመው የለም።

«እጅ ቀስ ብሎ ይሳሳታል» የሚለውን ደግሞ ጊትላብ የተባለው፣ የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጥ ድርጅት የደረሰበት ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ የደከመ ኢንጂነር የዳታቤዝ ችግር ሲፈታ ቆይቶ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናው ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ጻፈ። ወዲያው ነቅቶ አቆመው። ሰከንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከ300 ጊጋ ባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ይህን የሠራው እጅ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔ ይመቸኝ ነበር። ግን ቀጥሎ ያለው ለጋሼ የሚያደላ ነው፤ አልደብቀውም። ጊትላብ በየቀኑ ራሱ የሚሠራ የዳታቤዙ (የፖስትግሬስ) ባካፕ ነበረው። ሄደው ሲያዩት ባዶ ነው። ዳታቤዙ ስሪት 9.6 ሲሆን ባካፕ የሚወስደው መሣሪያ ግን 9.2 ሆኖ ይሮጥ ስለነበር በየቀኑ ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚናገረው ኢሜይልም የላኪ ማረጋገጫ ስለጎደለው ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ማንም አላየውም። ያዳናቸው ያ ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው የዲስክ ቅጂ ነው። በእጁ! ጋሼ ይህን ሲያነቡ ቢስቁ አልቀየማቸውም።

ግን ምን ተማርን? ስክሪፕቱ ወደቀ፤ «ዛሬ ሠርተሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሁለተኛ ስክሪፕት ስላልነበረ ነው ጉዳቱ የደረሰው። ያ የእጅ ቅጂም ዕድል ነው። ሰውየው የዚያን ቀን ሌላ ሥራ ባይኖረው ኖሮ አይወሰድም ነበር።

አሁን ወደ መብራቱና ኢንተርኔቱ ልምጣ። ከነጥቦቻቸው ሁሉ የእኛን ከተማ የሚመለከተው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው።

ጢስ ዓባይ ማመንጫ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ጣና በለስም 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራው ከዚሁ ከሐይቃችን ውሃ እየወሰደ ነው። እኛ ግን መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን። ይህን ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። ጋሼ ከዚህ ተነስተው፣ በታዘዘበት ሰዓት ሥራ የሚያስነሳውን የሊኑክስ ፕሮግራም ጠቅሰው «ክሮን ሌሊት ሊሠራ ሲል መብራት የለም፤ ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ።

ልክ ናቸው፣ ክሮን የታዘዘበት ሰዓት ካለፈ አልፎታል። ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ የቀረውን ሥራ ተመልሶ አይሠራም። ግን ይህ ችግር ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። አናክሮን የተሠራው ሁልጊዜ በርቶ ለማይቆይ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ «የዛሬው ሥራ ቀርቷል» ብሎ ይሠራዋል። እንደ ክሮን ሥራ በሰዓቱ በሚያስነሳው በሲስተምዲ ታይመር ላይም «ፐርሲስተንት» የሚለውን ቦታ «እውነት» ማድረግ ብቻ ነው፤ ያመለጠው ሥራ መብራት ሲመጣ ይካካሳል። አንድ መስመር ናት። ቅንጦት ከሚባል ነገር ጋር አላገናኛትም።

እንዲያውም መብራት የሚቆራረጥበት ከተማ አውቶሜሽን የበለጠ ነው የሚያስፈልገው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት ሄደ እንበል። ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ከዚያስ? በእጅ የሚያምን አድሚን ቤቱ ተኝቷል። ጥበቃው ጲጲ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደሆነ አያውቅም። ባትሪው ያልቃል፤ ሰርቨሩ ዳታቤዙን እንደከፈተ ድርግም ይላል። ኢኖዲቢ የሚባለው የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ አሠራር ብዙ ጊዜ ከራሱ መዝገብ ተነስቶ ያገግማል። በድሮው ማይአይሳም የተሠራ ሠንጠረዥ ግን ተሰብሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ኤንዩቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዩፒኤሱ ጋር በዩኤስቢ ይነጋገራል። ባትሪው ሲዳከም ዳታቤዙን በሥርዓት ይዘጋና ማሽኑን ያጠፋል። የማሽኑ መነሻ ቅንብር (ባዮስ) ውስጥ ደግሞ «መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሳ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱንም አብሩት። ጠዋት ስትገቡ ሁሉም በቦታው ነው።

ኢንተርኔቱም መፍትሔ አለው። የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ የነበረበትን ጊዜ እዚህ ከተማ ያለ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ የእኛ ባካፕ መጀመሪያ እዚሁ ውስጥ፣ በቢሮው ኔትወርክ ላይ ላለ ሌላ ማሽን መሄድ አለበት። ወደ ውጭ የሚላከው ሁለተኛ ነው። አርሲንክ የሚልከው የተለወጠውን ብቻ ነው። መስመር መሃል ላይ ቢቋረጥ የተላከውን ክፍል እንዲያቆይ፣ ቀን ላይ ደግሞ የቢሮውን መስመር እንዳያጨናንቅ ፍጥነቱ እንዲገደብ ማዘዝ ይቻላል። የመጀመሪያውን ሙሉ ኮፒማ በኔትወርክ መላክም አያስፈልግም። ሰርቨሩ ጊዮርጊስ አካባቢ ከሆነ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ በባጃጅ ዓባይ ማዶ ማድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ ብቻ በመስመር ይሄዳል።

መስመሩ ሲዘገይ የሚመጣ አንድ ነገር ላስታውስ። የሰኞው ባካፕ ሳያልቅ የማክሰኞው ይጀምራል። ሁለቱ ተደራርበው ማሽኑን ያንቁታል። «ኤፍሎክ» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች፤ የመጀመሪያው ካላለቀ ሁለተኛው እንዳይነሳ ትቆልፋለች። ባካፕ ስክሪፕት ያለ እሷ አትጻፉ።

ሰዓትም የእኛ የራሳችን ጉድ አለበት። ክሮን ላይ 0 2 * * * (በቅደም ተከተል ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን) ብሎ የጻፈ ልጅ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ያለ ይመስለዋል። የጻፈው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት የተሞላ ከሆነ ደግሞ 3 ሰዓት ይጨመርበታል፤ ንጋት 11 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ሆቴል ከሆነ ኩሽናው ተነስቷል፣ ሲስተሙ ሥራ ጀምሯል። የሰርቨሩን ሰዓት አዲስ አበባ ላይ አድርጉና ከመስመሩ በላይ በአማርኛ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ማስታወሻ ጻፉ። የበጀት ዓመት መዝጊያውም እንዲሁ ነው። ክሮን ሰኔን አያውቅም፤ ሐምሌ 1 ግን ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል 0 1 8 7 * ማለት ይበቃል። ለሐምሌ 1 አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የዓመቱ ኮፒ ለብቻው ይወሰዳል። ኦዲተር ሲመጣ ትመርቁኛላችሁ። መስከረም 1 ግን በዘመነ ዮሐንስ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ስለሚዘል እንደዚህ በአንድ መስመር አይያዝም።

ወደ ዓርቡ ሃርድ ዲስክ እንምጣ። «የማየውን ነው የማምነው» ይላሉ ጋሼ። ዲስኩን በእጃቸው ይዘው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ።

አንድ ትልቅ እውነት አላቸው። ከማሽን የተነቀለ ዲስክ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ አይደርስበትም። በክረምት መብረቅ የኃይል መስመሩን ሲመታ አብሮ አይቃጠልም። ተሰክቶ የሚውል የባካፕ ዲስክ ያላችሁ ሰዎች ከጋሼ ተማሩ። ይህን ሳላቃልል ነው የምቀጥለው።

ግን ሐሙስ ከሰዓት ሰርቨሩ ቢሞት? ስድስት ቀን ሥራ ጠፋ ማለት ነው። ቢሮው ቢቃጠል? ዲስኩ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ዓርብ ስቅለት ሲሆንስ? ያ ሳምንት ይዘለላል። ደግሞ ዳታቤዙ እየሠራ ፋይሎቹን በእጅ መገልበጥ ባካፕ አይሆንም። የመጀመሪያው ፋይል ሲገለበጥና የመጨረሻው ሲገለበጥ መካከል ሒሳብ ሠራተኛዋ ሦስት ደረሰኝ ቆርጣለች። ሲመልሱት ፋይሎቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ለዚህ ነው ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣው ማይኤስኪውኤል ዳምፕ «በአንድ ግብይት» የሚል አማራጭ ያለው፤ በኢኖዲቢ ሠንጠረዦች ላይ በአንዲት ቅጽበት የነበረውን ሁሉ አንድ ላይ ያወጣል።

«የማየውን አምናለሁ» ለሚለው ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁትን ላሳያችሁ። የባካፕ ፎልደሩን ከፈትን። ፋይሎቹ በቀን በቀን ተሰልፈዋል፤ አንድም ቀን አልተዘለለም። ሁሉም ደስ አላቸው። ከዚያ መጠናቸውን አየን። 20 ባይት፣ 20 ባይት፣ 20 ባይት፣ እስከ ታች ድረስ። 20 ባይት ማለት ፋይል የሚጨምቀው ጂዚፕ ምንም ነገር ሳይገባለት የሚፈጥረው ባዶ ፋይል ነው። የዳታቤዙ ፓስዎርድ ተቀይሯል፤ ዳምፑ ወዲያው ይወድቃል። ግን ውጤቱ በቧንቧ ወደ ጂዚፕ ስለሚሄድና ባሽ የሚያየው የመጨረሻውን ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ «ተሳክቷል» ይላል። ጂዚፕ በርግጥም ተሳክቶለታል፤ ባዶውን በደንብ ጨምቆታል!

ጋሼ ይህን ለእሳቸው ማስረጃ ሊያደርጉት ይችላሉ። ግን ዓይን ለወራት ፎልደሩን ሲያይ ነበር፤ ፋይሉ መኖሩን አይቶ አለፈ። ስክሪፕቱን የሚያድነው ሌላ መስመር ነው። መጀመሪያ «ፓይፕፌይል» የሚለውን ማብራት፤ ከቧንቧው አንዱ ከወደቀ ሁሉም ወደቀ ይባላል። ቀጥሎ የፋይሉን የመጨረሻ መስመር ማንበብ፤ ማይኤስኪውኤል ዳምፕ ሲጨርስ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» ብሎ ከነቀኑ ይፈርማል፤ ፊርማው ከሌለ መሃል ላይ ተቆርጧል። ከዚያ መጠኑን ከትናንቱ ጋር ማወዳደር። ከሁሉም በላይ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ባካፑን ባዶ ማሽን ላይ መመለስና ጥቂት ሠንጠረዦችን መቁጠር። ተመልሶ ያልታየ ባካፕ ባካፕ አይባልም። ይህንንም ስክሪፕት ይሠራዋል፤ እሑድ ሌሊት ማንም ሳይቀሰቀስ።

የምመክረው የታወቀውን 3-2-1 ነው፤ ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው አሠራር። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። የጋሼ ዲስክ እዚህ ውስጥ የክብር ቦታ አለው፤ ከሦስቱ አንዱ ነው። የቀሩትን ሬስቲክ ወይም ቦርግ የሚባሉት የባካፕ ፕሮግራሞች ይሠሯቸዋል፤ ሁለቱም ይመሰጥራሉ፣ የተደጋገመውንም ዳታ አንዴ ብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ደግሞ የሚቻል ከሆነ ባካፑን የሚያስቀምጠው ማሽን መጥቶ ይውሰድ እንጂ ሰርቨሩ ራሱ ላኪ አይሁን። ሌባ ሰርቨሩን ሰብሮ ቢገባ የባካፑን ቁልፍ እዚያ አያገኝም።

የሞኒተሪንግ ጩኸትን በተመለከተ ብዙም አልከራከርም፤ እውነታቸውን ነው። በቀን ሃምሳ የቴሌግራም መልእክት የሚደርሰው ሰው ሃምሳ አንደኛውን አያነብም። ግን ይህ የመልእክቱ አጻጻፍ ጥፋት ነው። ተነስቶ የሚሠራው ነገር ለሌለው ሰው መልእክት አይላክ። ሲፒዩ ለአንድ ደቂቃ 90 በመቶ ደረሰ ማለት ምን አድርግ ማለት ነው? ምንም። ዲስኩ በዚህ አካሄዱ ነገ ማታ ይሞላል ማለት ግን ዛሬ ሥራ አለህ ማለት ነው። ከሞላ በኋላ መንገርማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ደግሞ የወደቀን ብቻ የሚናገር ሳይሆን ዝም ያለን የሚይዝ ያስፈልጋል። ስክሪፕቱ ሲሳካለት ለሌላ ማሽን «ደኅና ነኝ» ይላል። ያ ማሽን በተባለው ሰዓት ካልሰማ እሱ ይጮሃል። ጊትላብ የጎደለው ይህ ነበር። የሚጠብቀው ማሽን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ አይሁን። ዳታ በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደምና ጋሙ የሚባለው ፕሮግራም ተራ የስልክ መልእክት ይልካሉ።

ስለ አውቶማቲክ አፕዴት ጋሼ ክራውድስትራይክ የተባለውን የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ጥፋት ያነሳሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ። ትክክል ነው፣ ሊኑክስ ባይሆንም ትምህርቱ ለሁላችንም ይሆናል። ትምህርቱ ግን «በእጅ አድርጉ» የሚል አይመስለኝም። «ለሁሉም በአንድ ጊዜ አትልቀቁ» ነው። አንዱ ማሽን ዛሬ ይውሰድ፤ ሌሎቹ ከሁለት ቀን በኋላ። በሌላ በኩል ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 አፓቺ ስትራትስ ለሚባለው የድረ ገጽ ሶፍትዌር ማስተካከያ ማርች ላይ ወጥቶ እያለ ሳይጭኑት ቀሩ፤ ሜይ ላይ ተገባባቸውና የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ተወሰደ። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ «አናተንድድ አፕግሬድስ» የሚባለው ፕሮግራም በራሱ አሠራር የሚጭነው የደኅንነት ማስተካከያውን ነው፤ ዳታቤዙን አትንካብኝ ቢሉት ይሰማል፤ ካላዘዙትም ማሽኑን አጥፍቶ አያስነሳም።

የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ላይ ደግሞ ክርክሩ አልቋል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ነፃ ሰርተፍኬት ሰጪ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው የ90 ቀን ነው። ሊያልቅ ሲል ይልክ የነበረውን የማስታወሻ ኢሜይልም ከጁን 2025 ጀምሮ አቁሟል። አሳሾቹና ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ በተስማሙት መሠረት ዕድሜው እያጠረ ሄዶ በማርች 2029 ከ47 ቀን መብለጥ አይችልም። በእጁ የሚያድስ ሰው በወር ተኩሉ ስንት ድረ ገጽ ሊያሳድድ ነው?

የመጨረሻው የልጆቻችን እንጀራ ነው። ይህ አጭር ነው። ዲስክ ስንት በመቶ እንደሆነ እያየ የሚውልን ልጅ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም። የሚፈለገው ሌላ ነው። ከፖሊ ቴክኒክ የተመረቀ ልጅ ለሥራ ሲመጣ ባዶ ማሽንና የትናንት ማታ ባካፕ ስጡትና «ሲስተሙን አስነሳልኝ» በሉት። ያንን የሚችል ሥራ አያጣም።

ጋሼንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ጠዋት ጠዋት ሲገቡ በዓይናቸው ምን ምን እንደሚያዩ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ የቱ ቁጥር ሲያስደነግጣቸው የቱን ደግሞ ንቀው እንደሚያልፉ በወረቀት ቢዘረዝሩልን። እንዲህ ያለ ዝርዝር የትኛውም መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ወደ ስክሪፕት መቀየሩን እነዚያው ልጆች ይሠሩታል፤ እሳቸው ደግሞ መስመር በመስመር ያርሙላቸዋል።